ካርል ጃንስኪና ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት የመጣው ድምፅ

እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ አንዱ በኒውዮርክ፣ ሌላው በለንደን ሆነው ሁለት ሰዎች በቴሌፎን ሊነጋገሩ አይችሉም ነበር። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው ገመድ የቴሌግራም ምልክት እንጂ የሰውን ድምፅ የሚያስተላልፍ አልነበረምና። በተጠቀሰው ዓመት ግን ድምፅን በሬዲዮ ሞገድ ውቅያኖስ የሚያሻግር አገልግሎት ተከፈተ። የሦስት ደቂቃ ንግግር ዋጋ 75 ዶላር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ሰው ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የወዳጁን ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ መንጣጣት፣ መንጫጫትና መጮህ አብሮ ይመጣበት ነበር። በአጭር ሞገድ የሩቅ አገር ጣቢያ ለማዳመጥ የሞከረ ሰው ሁሉ ይህን ሁከት በሚገባ ያውቀዋል። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት የምርምር ክፍል የሆነው የቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ፣ ሁከቱ ከየት እንደሚመጣ ተጠንቶ እንዲቀርብለት ፈለገ። ሥራውም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ጊዜ ላልሆነው ለካርል ጃንስኪ ተሰጠ።

ካርል ጉተ ጃንስኪ በኦክቶበር 22 ቀን 1905 ዓ.ም. ኖርማን በተባለች ከተማ ተወለደ። ከተማዋ የምትገኝበት ኦክላሆማ በዚያን ጊዜ ገና ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች እንደ አንዱ አልተቆጠረም ነበር። አባቱ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር ሲሆን፣ ለልጁ ያወጣለት ስም በተማሪነቱ ዘመን ካስተማረው ካርል ጉተ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ የተወሰደ ነው። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ዊስኮንሲን ተዛወረ። በቤቱ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሬዲዮ መወያየት የተለመደ ነገር ነበር፤ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጠው ወንድሙ ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ መሐንዲሶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ካርልም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቶ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በትምህርቱ ጎበዝ ከመሆኑም በላይ በበረዶ ላይ በሚካሄደው የሆኪ ጨዋታ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ተሰላፊ ነበር። ይሁን እንጂ በዚሁ በተማሪነቱ ዘመን በኩላሊት በሽታ መያዙ ታወቀ። ዘመኑ ለዚህ በሽታ ፈውስ ያልተገኘበት ስለነበረ፣ ወጣቱ ከዚያ ወዲያ በሽታውን ተሸክሞ፣ ጤናውን እየጠበቀ ለመኖር ተገደደ።

በ1928 ዓ.ም. ለቤል ላቦራቶሪ የሥራ ማመልከቻ ባቀረበ ጊዜ የድርጅቱ ሐኪሞች ጤናውን አይተው እንዳይቀጠር ተቃወሙ። ታላቅ ወንድሙ በድርጅቱ ውስጥ የሚያውቃቸውን ሰዎች ካነጋገረ በኋላ ግን ተቀጠረ። የተመደበውም ሩጫና ግርግር በበዛበት በኒውዮርክ ከተማ ሳይሆን፣ በኒው ጀርሲ ገጠር በሚገኝ የመስክ ጣቢያ ነበር። ለጤናው ታስቦ የተደረገው ይህ ምደባ ለሥራውም ተስማማው፤ በመኪናና በፋብሪካ ብልጭታ በተጨናነቀ ከተማ መካከል፣ በኋላ የሰማውን ደካማ ድምፅ ለይቶ ለመስማት ባልተቻለ ነበር።

ጃንስኪ ሆልምደል በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ በሰፊ የእርሻ ሜዳ ላይ የሠራው አንቴና ዛሬ ለሚያየው ሰው የሳይንስ መሣሪያ አይመስለውም። ከእንጨትና ከነሐስ ቱቦ የተዋቀረ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት የተጋደመ የቤት ማገር የሚመስል ነገር ነበር። የቆመውም ፎርድ ከተባለው የዚያን ጊዜ መኪና በተወሰዱ አራት ጎማዎች ላይ ሲሆን፣ ጎማዎቹ በክብ ሐዲድ ላይ በሞተር እየተገፉ በየሃያ ደቂቃው አንድ ጊዜ ይዞሩ ነበር። ባልደረቦቹ የሕፃናት መጫወቻ በሆነው ተሽከርካሪ ፈረስ ስም እየጠሩት ይቀልዱበት ነበር ይባላል። አንቴናው የሚቀበለው የ14.6 ሜትር ርዝመት ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ነው። በአጠገቡ ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ የተተከለው መቀበያ ደግሞ፣ የሚመጣውን ሁከት ብርታት በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ በብዕር ይመዘግባል። አንቴናው በየትኛው አቅጣጫ ሲዞር ብዕሩ ከፍ እንደሚል በማየት ሁከቱ ከወዴት እንደመጣ ማወቅ ይቻል ነበር።

ጃንስኪ ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲመረምር ሁከቱን በሦስት ከፈለው። አንደኛው በአካባቢው ከሚጥለው መብረቅ የሚመጣ ኃይለኛ መንጣጣት ነው። ሁለተኛው በሩቅ አገር ከሚከሠት ነጎድጓድ ተነሥቶ በላይኛው አየር እየተንጸባረቀ የሚደርስ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚጠበቁ ነበሩ። ሦስተኛው ግን መንጣጣት የሌለበት፣ ጀበና ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው ያለ፣ ሳያቋርጥ ሽው የሚል ደካማ ድምፅ ነበር። ለቴሌፎን አገልግሎቱ የሚያሰጋ አልነበረም። ከሦስቱም እጅግ አነስተኛው ስለሆነ፣ ስለ እርሱ አንድ መስመር ጽፎ ቢያልፈው አለቆቹ አይወቅሱትም ነበር። ጃንስኪ ግን ምንነቱን ሳያውቅ ሊያልፈው አልፈለገም።

በመጀመሪያ የጠረጠረው ፀሐይን ነው። ድምፁ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይበረታል፤ የሚመጣበትም አቅጣጫ ከምሥራቅ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ ይዞራል። በ1931 ዓ.ም. መጨረሻና በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ይህ አቅጣጫ ከፀሐይ አቅጣጫ ጋር አንድ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገሩ በዚህ የተፈታ መሰለ። ወራት ባለፉ ቁጥር ግን ድምፁ ፀሐይን እየቀደመ ሄደ። በአንድ ቀን የሚቀድመው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በወር ሲደመር ሁለት ሰዓት ይሆናል። መዝገቡን በጥቂት ሳምንታት ያቆመ ሰው ይህን ልዩነት ከመሣሪያው ጉድለት ሊቆጥረው ይችል ነበር። ጃንስኪ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለመዘገበ፣ አራቱ ደቂቃዎች ተጠራቅመው ሃያ አራት ሰዓት ሞሉና ድምፁ ወደ መጀመሪያ ቦታው ሲመለስ አየ።

የአራቱ ደቂቃዎች ምሥጢር ምንድን ነው? ምድር በራስዋ ዛቢያ ዞራ አንድን ኮከብ እንደገና ፊት ለፊት ለማግኘት የሚያስፈልጋት ጊዜ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን በፀሐይ ዙሪያ በምታደርገው ጉዞ ጥቂት ወደ ፊት ስለምትራመድ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ለማግኘት አራት ደቂቃ ያህል ተጨማሪ መዞር አለባት። ስለዚህ ከዋክብት ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸሩ በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ። ይህን ለመረዳት መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪው ማታ በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ አንድ ብሩህ ኮከብ ከጎረቤት ቤት ጣራ ወይም ከባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ የሚታይበትን ሰዓት ቢጽፍና ከአንድ ወር በኋላ ከዚያው ቦታ ቢመለከት፣ ኮከቡ ወደዚያ ነጥብ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረሱን ያገኛል። (ከፕላኔቶች አንዱን እንዳይመርጥ ብቻ ይጠንቀቅ፤ ፕላኔት ቦታውን ይለዋውጣልና።)

ጃንስኪ ግን የፊዚክስና የሬዲዮ ሰው እንጂ የሥነ ፈለክ ሰው አልነበረም። የከዋክብትን ጊዜ አቆጣጠር ያሳየው ሜልቪን ስኬሌት የተባለ የሥነ ፈለክ ትምህርት የሚከታተል የሥራ ባልደረባው ነው። ጃንስኪም የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን ገዝቶ ማጥናት ጀመረ። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከአንድ መደምደሚያ ደረሰ፤ ይኸውም ድምፁ የሚመጣው ከምድርም ከፀሐይም ሳይሆን፣ በከዋክብት መካከል ካለ ቋሚ ስፍራ ነው የሚል ነው። ስፍራውን በሰማይ ካርታ ላይ ሲፈልገው፣ ቀውስ ወደተባለው የከዋክብት ምድብ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ፍኖተ ሐሊብ እምብርት የሚያመለክት ሆኖ አገኘው። የመጀመሪያው ጥርጣሬም ከምን እንደመጣ በዚሁ ታወቀ። ፀሐይ በዲሴምበር ወር ከምድር ስትታይ የምትገኘው በዚያው በቀውስ በኩል ስለሆነ፣ የሁለቱ አቅጣጫ የገጠመው በዚህ ምክንያት ነበር። አንቴናው በዙሪያው እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞር ስላልነበረ፣ ጃንስኪ የስፍራውን ከፍታ በትክክል ለመለካት አልቻለም፤ ከእውነተኛው ቦታ ሃያ ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን አድርጎ ገምቶታል። የጎን አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር።

ፍኖተ ሐሊብ ፀሐይና ምድር የሚገኙበት የከዋክብት ማኅበር ወይም ጋላክሲ ነው። ቅርጹ መካከሉ ወፈር ያለ ሰፊ ምጣድ ይመስላል። እኛ የምንገኘው በምጣዱ ጠርዝና በመካከሉ መሐል ሲሆን፣ ከእምብርቱ 26,000 ያህል የብርሃን ዓመት እንርቃለን። እምብርቱ በቀውስ አቅጣጫ እንደሚገኝ በ1918 ዓ.ም. ያሳወቀው ሃርሎ ሻፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ይሁን እንጂ ማንም እምብርቱን በመነጽር ሊያየው አልቻለም፤ በመካከሉ የተዘረጋው የጠፈር አቧራ ብርሃኑን እንደ ጉም ይጋርደዋልና። የሬዲዮ ሞገድ ግን በአቧራው ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል። በአገራችን ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በሚጠራበት በመስከረም መጨረሻ፣ ጨለማ በሆነ ቦታ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የፍኖተ ሐሊብን ወፍራም ክፍል ያያል። ጃንስኪ የሰማው ድምፅ የተነሣው ከዚያ በኩል ነው።

ግኝቱን በኤፕሪል 1933 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ አቀረበ። በጉባኤው የነበሩት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ነገሩ እምብዛም አልከነከናቸውም። በሜይ 5 ቀን ግን ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ወሬውን በመጀመሪያ ገጹ አወጣው። ከዐሥር ቀን በኋላ ደግሞ አንድ የሬዲዮ ማሰራጫ ድርጅት ድምፁን ከሆልምደል በቀጥታ ተቀብሎ ለአሜሪካ ሕዝብ አሰማ። በየቤቱ የተቀመጠው አድማጭ የሰማው ሽውታ የተነሣው በምድር ላይ ድንጋይ መጥረብ ከተጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የጽሕፈት ጥበብ ግን ከመገኘቱ እጅግ ቀደም ብሎ መሆኑን ያሰበ ስንት ሰው ይሆን?

ጃንስኪ ጥናቱን ለመቀጠል ዲያሜትሩ ሠላሳ ሜትር የሆነ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ያለ አንቴና ቢሠራ የተሻለ እንደሚሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልተፈቀደም። ድርጅቱ የጠየቀው ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ከጠፈር የሚመጣው ድምፅ የቴሌፎን ንግግርን የሚያውክ አይደለም፤ ቢያውክም ማንም ሊያስቆመው አይችልም። ዘመኑም የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሚሊዮኖች ሥራ ያጡበት ነበር። ስለዚህ ጃንስኪ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። በ1935 ዓ.ም. ድምፁ ከእምብርቱ ብቻ ሳይሆን ከመላው ፍኖተ ሐሊብ እንደሚመጣ፣ ከእምብርቱ በኩል ግን እንደሚበረታ የሚያስረዳ ጽሑፍ ካሳተመ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አልገፋም።

ማን ከለከለው የሚለው ጥያቄ በኋላ ዘመን አከራክሯል። የቅርብ አለቃው ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ጽሑፍ፣ ጃንስኪ ሥራውን ለመቀጠል እንደሚፈልግ ነግሮት እንደማያውቅ አስታውቋል። ጃንስኪ ለወላጆቹ የላካቸው ደብዳቤዎች ግን ከዋክብትን ትቶ ሌላ ሥራ እንዲሠራ በመታዘዙ ቅር መሰኘቱን ያሳያሉ። ከሁለቱ አንዱን ሐሰተኛ ማድረግ አስፈላጊ አይመስለንም። በሽታውን እያወቁ የቀጠሩት፣ ሚስትና ልጆች የሚያስተዳድር፣ በጠባዩም ጨዋ የሆነ ሰው፣ ሥራ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ዘመን ከአለቃው ጋር ሙግት ባይገጥም አያስደንቅም። ፍላጎቱን ለወላጆቹ ነግሮ ለአለቃው ዝም ማለቱ በብዙ ሠራተኛ ላይ የሚታይ ነው። ይልቅስ የሚያስገርመው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዝምታ ነው። እነርሱ የለመዱት መነጽርና የፎቶግራፍ መስተዋት ስለነበረ፣ አንድ የቴሌፎን ሠራተኛ በሽቦ የያዘው ሰማይ ለእነርሱ እንግዳ ነበር። ፈለጉን የተከተለው ግሮት ሬበር የተባለ ሌላ የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። ሬበር በ1937 ዓ.ም. በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በግቢው ውስጥ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ እጅ 9.5 ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ አንቴና ሠርቶ የጃንስኪን ግኝት አረጋገጠ።

ጃንስኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚልኩት የሬዲዮ ምልክት ከየት እንደሚመጣ የሚጠቁሙ መሣሪያዎችን በመሥራት ተሳትፎ ነበር። በተማሪነቱ የያዘው በሽታ ግን እየጸናበት ሄዶ ልቡን አዳከመውና፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1950 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ ሬድ ባንክ በተባለች የኒው ጀርሲ ከተማ ዐረፈ። የሬዲዮ ሥነ ፈለክ በየአገሩ ገና ማበብ በጀመረበት ጊዜ መሞቱ ነው፤ ስሙ የሚገባውን ክብር ሲያገኝ አላየም።

እርሱ ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ብሩስ ባሊክና ሮበርት ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኙ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች የፍኖተ ሐሊብን እምብርት ሲመረምሩ፣ እንደ ነጥብ ያለች፣ እጅግ ጠባብ የሆነች ብርቱ የሬዲዮ ምንጭ አገኙ። ከዚያ በኋላ የጀርመኑ ራይንሃርድ ጌንዝልና የአሜሪካዋ አንድሪያ ጌዝ እያንዳንዳቸው ከረዳቶቻቸው ጋር፣ በምንጯ አካባቢ የሚዞሩትን ከዋክብት ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። ከከዋክብቱ አንዱ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራታል፤ በጣም ሲቀርባትም በሰከንድ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ኮከብን በዚህ ፍጥነት እያዞረ ሳያመልጥ የሚይዝ ነገር ምን ያህል ክብደት ሊኖረው ይገባል? ስሌቱ የሰጠው መልስ ከፀሐይ አራት ሚሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ነው። ይህ ሁሉ የታመቀው ደግሞ ሜርኩሪ የተባለችው ፕላኔት ፀሐይን ከምትዞርበት ክብ በሚያንስ ስፍራ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ቁስ በዚህን ያህል ጠባብ ቦታ ሊታጨቅ የሚችለው፣ ስበቱ ብርሃንን እንኳ ከማያስወጣ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ሊቃውንቱ አመኑ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2020 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የሬዲዮ ቴሌስኮፖችን በማስተባበር ምስሉ ተነሣ፤ በጨለማ ነጥብ ዙሪያ የሚያበራ ቀለበት ሆኖ ታየ። ቀለበቱ ጥቁር ጉድጓዱ ራሱ አይደለም፤ በዙሪያው የሚሽከረከረው እጅግ የጋለ ጋዝ ነው። በሌሎች ታላላቅ ጋላክሲዎች እምብርትም ተመሳሳይ ጉድጓዶች እንደሚገኙ ታውቋል። ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያለውና ምስሉ ቀደም ብሎ በ2019 ዓ.ም. የቀረበው ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ይከብዳል።

አንዳንድ ጊዜ ጃንስኪ የጥቁር ጉድጓዱን ድምፅ ሰማ ተብሎ ይነገራል። ይህ ትክክል አይደለም። የእርሱ አንቴና የተቀበለው በአብዛኛው፣ በመላው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ለመሮጥ ጥቂት የቀራቸው ኤሌክትሮኖች በመግነጢስ ኃይል እየተጠማዘዙ ሲጓዙ የሚያወጡትን ሞገድ ነው። ወደ እምብርቱ በኩል ጋላክሲው ስለሚወፍርና ስለሚጠቀጠቅ ድምፁ ከዚያ በረታ። ጉድጓዱ በዚያ ሁሉ መካከል ያለ አንድ ነጥብ ስለሆነ በጃንስኪ መሣሪያ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም ነበር። ሆኖም በአቧራው መጋረጃ ውስጥ የሚያልፍ ሌላ መንገድ መኖሩን፣ ያም መንገድ ወዴት እንደሚያመራ በመጀመሪያ ያሳየው እርሱ ነው፤ በ1974 ዓ.ም. የተገኘችው ነጥብም የታወቀችው በዚሁ መንገድ ነው።

ዛሬ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ብርታት የሚለካበት መስፈርት ጃንስኪ ይባላል፤ መስፈርቱም በ1973 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማኅበር ጸድቋል። በኒው ሜክሲኮ በረሃ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው 25 ሜትር ስፋት ያላቸው 27 ጎድጓዳ አንቴናዎችም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ ይጠራሉ። በሆልምደል የነበረው የእንጨት አንቴና ከፈረሰ ቆይቷል። ቦታው በጥንቃቄ ተፈልጎ በ1998 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። ሐውልቱ የአንቴናው ምስል ሲሆን፣ የዞረውም አንቴናው በሴፕቴምበር 16 ቀን 1932 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ፣ ድምፁ ጎልቶ በተመዘገበበት ጊዜ፣ ወደዞረበት አቅጣጫ ነው።